ኪስ የምትገባ የቀለም ሳጥን፣ ቤት ውስጥ ስትፈተሽ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ልጆቻችሁን፣ እናታችሁን፣ ቡና የሚፈላበትን ጥግ፣ ያልታጠበ ዕቃ የተከመረበትን ማጠቢያ መሳል ካማራችሁ ኮትማን የሚባለውን ኪስ የሚገባ የውሃ ቀለም ሳጥን ግዙ። ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ያማራችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አቆዩት። ዋናው ይሄ ነው። ዝርዝሩ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ይችን ሳጥን የፈተሽኳት ሦስት ልጆች፣ አንድ ባል፣ አንዲት እናትና መዓት ጀሪካን በሚኖሩበት የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። ስቱዲዮ የለኝም። የምግብ ጠረጴዛ አለኝ፣ እሱም ከምግብ ሰዓት ውጪ።

ሳጥኑን የሚሠራው ዊንሰር ኤንድ ኒውተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ቀለም ሠሪ ነው። ኮትማን ለተማሪና ለጀማሪ ብሎ የሚያወጣው፣ ዋጋው ቀለል ያለ ምርቱ ነው። ዕቃው ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ከስልክ ብዙም አይበልጥም። ውስጡ 12 ትንንሽ የደረቁ ቀለሞች ተደርድረዋል። አጭር ብሩሽ አብራ አለች። ክዳኑ ሲከፈት ቀለም መቀላቀያ ይሆናል። ከዚህ በላይ የምትፈልጉት ውሃ፣ ወረቀትና ሶፍት ነው። ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ ሦስት የአፈር ቀለሞችና አንድ ነጭ አለው። ጥቁር የለውም። ስለ ጥቁሩ ጀበና ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሥዕል የሚወዱ ጓደኞቼ «ሐሳቡን ከየት ነው የምታመጪው?» ይሉኛል። ለመሳል ላሊበላ መሄድ፣ ስሜን ተራሮች መውጣት፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ መዞር ያለባቸው ይመስላቸዋል። ይሂዱ፣ ደስ ይለኛል። ግን ቤት ውስጥ ያለው ምን ሆነና ነው? ጠዋት ዩኒፎርም የሚተኩስ አለ። አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶበት አልጋ ሥር የገባ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደሩ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ የጠዋት ፀሐይ በባልኮኒው በር ገብታ ስታርፍባቸው ውስጣቸው ያለው ውሃ የት ድረስ እንደሆነ በጥላው ይታወቃል፣ ግማሹ ቢጫ ያበራል፣ ግማሹ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ጎናቸው ላይ ደግሞ የሰማያዊ ክዳናቸው ጥላ ያርፋል። ይሄ ሁሉ እያለ ሐሳብ ጠፋ አይባልም። የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሸራ ተወጥሮ፣ ቀለም ተጨምቆ፣ ብሩሽ ተመርጦ እስኪያልቅ ፀሐይዋ ከጀሪካኑ ላይ ወርዳለች፣ ካልሲውም ተገኝቷል።

ስለዚህ ለቤተሰብ ሥዕል የሚሆን ዕቃ በመጀመሪያ የሚለካው በፍጥነት ነው። ሁለተኛ፣ ጥላችሁት ብትነሱ የማይቀየም መሆን አለበት።

ዘይት ቀለም እወዳለሁ። ግን የዘይት ቀለም የሚቀጥንበት የተርፐንታይን ሽታ ሳሎኑ መኝታ ቤትም ምግብ ቤትም በሆነበት ቤት አይቻልም። ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ደግሞ ትንሹ ልጄ ጣቱን ሳያሳርፍበት አይቀርም። አክሪሊክ የሚባለው ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ ለእናት ግን ችግሩ እሱ ነው። ብሩሹን ሳታጥቡ «እማዬ! ጨርሻለሁ!» የሚል ድምፅ ከሽንት ቤት ከጠራችሁ ስትመለሱ ብሩሹ አልቆለታል። ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ ከደረቀማ ሸሚዙን እርሱት። የውሃ ቀለምን ግን መሃል ላይ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ትመለሳላችሁ፣ እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ይነሳል። ነገሩ ያለው ሙጫው ላይ ነው። ይሄ ቀለም የተያያዘው በግራር ሙጫ ነው፣ ሙጫው ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል። ከዓለም ብዙውን የምታመርተው ሱዳን ናት፣ እኛም አገር በቆላው ይለቀማል። የለንደን ሳጥን ውስጥ የገባው የየት አገር ግራር እንደሆነ ባይነገረንም ትልቋ ልጄ «የእኛ ነው» ብላ ወስናለች። አልተከራከርኳትም።

አሁን ወደ ሰዎቹ። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። «እማዬ፣ እስቲ ቁጭ በይልኝ፣ ልሳልሽ» ካልኳት ጉዱ ይጀምራል። «ቆይ ነጠላዬን ላምጣ» ትላለች። ነጠላውን ትለብሳለች፣ ጸጉሯን ታስተካክላለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ታሳርፍና ፎቶ ቤት እንደገባች ትንፋሿን ይዛ ታየኛለች። ያ እናቴ አይደለችም፣ የመታወቂያ ፎቶዋ ነው። እናቴ የምትሳለው ምስር ስትለቅም ነው። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ በአንድ ጣት ጠጠሩን ወደ ዳር ስትገፋ ማንም የለም ለእሷ። ትከሻዋ ይወርዳል፣ አንገቷ ይዘነበላል፣ ፊቷ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ቦታውን ያገኛል። ምስሩ እስኪያልቅ ደግሞ ጥሩ ጊዜ አለ። አንዴ ቀና ብላ አይታኝ «አሮጊት ምን ይሳላል? አበባ አትስዪም?» አለችኝ፣ ከዚያ መልሳ ጠጠሯን መፈለግ ጀመረች።

ከዚህ ያገኘሁት ሕግ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ የሚሳል ሰው እጁ ሥራ የያዘ ሰው ነው፣ ወይም ሌላ ሰው ይዞ ያስቀመጠው። ለዚህኛው ሹሩባን የሚያክል የለም። ትልቋ ልጄ ቅዳሜ አክስቷ ጉልበት መሃል ተቀምጣ ስትሠራ የትም መሄድ አትችልም፣ ራሷን እንኳ ማዞር አትችልም፣ ብታዞር ማበጠሪያ ትቀምሳለች። ሰዓሊ በገንዘብ የሚቀጥረው ሞዴል እንዲህ አይቀመጥም። ሁለት ሰው፣ አራት እጅ፣ አንድ የተኮሳተረ ፊት፣ መሬት ላይ የቅባት ዕቃ። ይሄን ቅንብር ብቻ ደጋግሜ ብስል አይሰለቸኝም፣ ምክንያቱም አክስትየው የምታወራው ወሬ በተቀየረ ቁጥር የጣቶቿ ፍጥነት ይቀየራል፣ የልጅቷ ፊትም እንደዚያው። ባለቤቴ ደግሞ አርሰናል ሲጫወት ለ90 ደቂቃ ንብረቴ ነው። ጎል ሲገባ ይዘላል፣ ተመልሶ ሲቀመጥ ግን እዚያው ቦታ፣ ያው እግር በዚያው እግር ላይ። የተኛ ልጅም አለ፣ ግን የተኛ ልጅ ሁሉም ሰው ስለሚስል ብዙ አልልም። ስልክ ላይ ያፈጠጠ ታዳጊ እሱም አይንቀሳቀስም፣ ፊቱ ላይ ከታች የሚመጣው የስክሪኑ ብርሃን ለመሳል ደስ ይላል፣ ግን ፈቃድ ጠይቁ። የእኔው ታዳጊ አቋሟን በግልጽ ነግራኛለች፦ «ብትስዪኝ ችግር የለም፣ ቴሌግራም ላይ ግን እንዳትለጥፊኝ።» ተስማምተናል።

ሳጥኗ እዚህ ላይ ምን አደረገችልኝ? ከእጄ አትርቅም። የጓዳ መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ ነው የማስቀምጣት። ምስሩ ሰፌድ ላይ ሲፈስ ድምፁን ሰምቼ ሳጥኗን አውርጄ መጀመር እችላለሁ። በቤተሰብ ውስጥ መልካሙ ነገር ሁሉ የሚሆነው ሌላ ሥራ መሃል ላይ ስለሆነ፣ ዕቃው ከመሳቢያ፣ ከካርቶን፣ ከላስቲክ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ አይወጣም። ትልቁን የዘይት ቀለም ሳጥኔን አልጋ ሥር አስገብቼዋለሁ። ካልሲ ፍለጋ የሚገቡት ያዩታል።

ወደ ጀበናው እንምጣ። ጥቁር ቀለም የለም ብያለሁ። መጀመሪያ ሲታይ ቡና በሚፈላበት አገር ጥቁር የሌለው ሳጥን መሸጥ ቀልድ ይመስላል። ግን ጀበናን አንዴ በፀሐይ አስጠግታችሁ እዩት። ሆዱ ላይ ጥላሸቱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አንገቱ ላይ የሸክላው ቀይ ይወጣል፣ እጀታው ሥር ቡናው ፈስሶ የደረቀበት ቡናማ መስመር አለ። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ይሄን ሁሉ ይደፍነዋል። ከሳጥኑ ውስጥ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ በርንት ሲየና ከሚባለው ቀይ የአፈር ቀለም ጋር በወፍራሙ ቀላቅሉት፣ ጥቁር ያህል ይጠቁራል። ሰማያዊውን ስታበዙ ቀዝቃዛ፣ አፈሩን ስታበዙ ሞቅ ያለ ጥቁር ይሆናል። አንድ ጀበና ላይ ሁለቱንም መጠቀም ትችላላችሁ። ያንኑ ድብልቅ በብዙ ውሃ ስታቀጥኑት ግራጫ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ የነጠላ ጥላ ነው። ነጠላ በነጭ ቀለም አይሳልም። ወረቀቱን እንዳለ ትተዉታላችሁ፣ እጥፋቱን ብቻ በዚያ ቀጭን ግራጫ ታመለክታላችሁ፣ ጥበቡን በብሩሹ ጫፍ ታስገባላችሁ። እንፋሎቱንም እንደዚሁ፦ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ቀብታችሁ ሳይደርቅ በሶፍት ቀስ ብላችሁ ማንሳት ነው።

ነጩ ቀለም ቻይኒዝ ዋይት ይባላል፣ ይሄው ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1834 ለገበያ ያቀረበው የዚንክ ነጭ ነው። ታሪኩ ይከበርለት። እኔ ግን አልነካውም፣ በተለይ ፊት ስስል። የእኛን ቆዳ ለማፍካት ነጭ ከጨመራችሁ ፊቱ አመድማ ይሆናል፣ የታመመ ሰው ይወጣል። ቀለሙን የሚያፈካው ውሃው ነው፣ ከሥር የወረቀቱ ነጭነት ያበራል። ቤታችን ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ አይደሉም። እናቴ ላይ በርንት ሲየናው ይቀድማል። ባለቤቴ በርንት አምበር የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ የአፈር ቀለምና ጉንጩ ላይ ጥቂት አልትራማሪን ነው። ትንሹ ልጅ የሎ ኦከር የሚባለው ቢጫማ የአፈር ቀለም ይበዛበታል፣ ጆሮው ጀርባ ፀሐይ ከገባች ደግሞ ንጹሕ ቀይ ነው። ሦስቱ የአፈር ቀለሞች ለእኛ ፊት የተመረጡ እስኪመስል ድረስ ይሠራሉ። አንዳንድ ርካሽ ሳጥን ውስጥ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚገባው ሮዝ ነገር እዚህ የለም፣ ተመስገን።

ስለ ርካሽ ሳጥን ካነሳን አይቀር፣ ስሙን የማልጠራው ባለ ብዙ ቀለም የሕፃናት ሳጥን ከዚህ በፊት ነበረኝ። ቀለሙ ብዙ ነበር፣ ወረቀት ላይ ሲደርቅ ግን ሁሉም ኖራ የተቀላቀለበት ይመስላል። ጥቂት ግን ጠንከር ያለ ቀለም ይሻላል። ይሄኛውም ቢሆን የተማሪ ደረጃ ነው፣ ድርጅቱ ለባለሙያ ከሚያወጣው ጋር እኩል አይደለም። አንዳንዱ ቀለም ስሙ ላይ «ሂዩ» የሚል ቃል አለው። ውዱ ማዕድን በሌላ ቀለም ተተክቷል ማለት ነው፤ ካድሚየም ሂዩ የሚለው ውስጥ ካድሚየም የለም። ባለሙያው እዚህ ጋ ሊከፋው ይችላል። ካድሚየም መርዝነት ስላለው ትንንሽ ልጆች ጠረጴዛው ላይ የሚንጠለጠሉባት እናት ግን እሰየው ትላለች። ቢሆንም ቀለም ምግብ አይደለም፣ ብሩሹን አፍ ውስጥ ማሾል አይፈቀድም፣ ለልጆቹ የራሳቸውን ሳጥን ስጧቸው። የብሩሽ ውሃ ደግሞ በሻይ ብርጭቆ አታስቀምጡ። ለምን እንደሆነ ባለቤቴን ጠይቁት።

ወረቀት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳጥኑን ገዝቶ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ሞክሮት «አይረባም» ይላል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ሸለቆው ውስጥ ይጠራቀማል። ለውሃ ቀለም 300 ግራም ፈልጉ። ትልቁን ሉህ ገዝቶ በእጅ መዳፍ ልክ መቁረጥ ደብተር ከመግዛት ይረክሳል። ስትገዙም በጣታችሁ እጠፍ አድርጉት። እኔ ከአንድ ሱቅ ሽፋኑ ላይ 300 ግራም የሚል ደብተር ገዝቼ ውስጡ የልጆች ንድፍ ወረቀት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ልመልስ ስል ሻጩ «እቱ፣ ተከፍቷል» አለኝ። ተከፍቶ ካልታየ እንዴት ይታወቃል? ለማንኛውም እሱን ደብተር ልጆቹ ጨርሰውታል። ለመስመር ደግሞ ተራ ቢክ እስክሪብቶ በቂ ነው። ቀለሙ ዘይት ስላለው ውሃ ሲመጣበት አይፈስም። ብዙው ጄል እስክሪብቶ ግን ይፈሳል፣ የእናቴን አፍንጫ ይዞባት ይሄዳል።

የአየሩንም ነገር አስቡ። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ገና ብሩሹን ሳታነሱ ቀለሙ ይደርቃል፣ ፈጣን መሆን አለባችሁ። በክረምት ደግሞ ወረቀቱ እርጥበቱን አልለቅም ይላል። ለልጆች ምስል የክረምቱ ይሻላል፣ ቀለሙ እርስ በርሱ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ልጆቹም ዝናቡን ፈርተው ቤት ውስጥ ናቸው። ማታ የምትስሉ ከሆነ የአምፖሉን ቀለም ተመልከቱ። ቢጫ ብርሃን ሥር ቢጫ ቀለም ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ትንሽ መስሏችሁ ትደጋግሙታላችሁ፣ ጠዋት ስታዩት እንጀራው ብርቱካን ሆኗል። መብራት ጠፍቶ በሻማ ከሆነማ ቀለሙን ተዉት፣ በእስክሪብቶ ጥላውን ብቻ ያዙ። የሻማ ጊዜ ጥሩነቱ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰብሰቡ ነው፣ ዋይፋዩም የለም።

«ይሄ ግን ቁም ነገር ነው ወይ? ምስርና ሹሩባ?» የሚለኝ ሰው አለ። መልስ አለኝ። ፈረንሳዊቷ ቤርት ሞሪዞ እ.ኤ.አ. በ1872 እህቷ የተኛች ልጇን አልጋ ዳር ተቀምጣ ስታይ ሳለቻት፣ ያ ሥዕል ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው። ከዚያ በላይ ምንም አልተፈጠረም፦ አንዲት የደከማት እናት፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ የተኛች ሕፃን። ስዊድናዊው ካርል ላርሰን ደግሞ የራሱን ቤት፣ የራሱን ልጆች፣ የራሱን የምግብ ጠረጴዛ በውሃ ቀለም ሲስል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1899 24 ሥዕሎቹን በአንድ መጽሐፍ አወጣ፣ አገሩ በሙሉ ቤቱን አወቀው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ሚስቱ ካሪን ሠዓሊ ነበረች፣ ሥዕል ተምራለች፣ የተገናኙትም ፈረንሳይ አገር ሠዓሊዎች በሚሰበሰቡበት መንደር ነው። ልጆቹ ሲመጡ ሥዕሉን ተወችው። እጇ አልቦዘነም፣ ሽመናውን፣ የቤት ዕቃውን፣ የልጆቹን ልብስ እሷ ነደፈችው፣ እሱ የሳለው ያ የሚያምረው ቤት ግማሹ የእሷ ሥራ ነው። የሞሪዞ እህት ኤድማም እንዲሁ፣ አብረው ሥዕል ይማሩ ነበር፣ ስታገባ ቆመ። በዚያ ሥዕል ላይ የምናያት እናት እሷ ናት። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ «ቤት ውስጥ ሐሳብ ማግኘት» ሲያወራኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሕፃኑን ማን ይዞልህ?» ነው።

ከአገራችን ታደሰ መስፍንን ልጥራ። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሠዓሊ ነው፣ የጉልት ሻጭ ሴቶችን በትልልቅ ሸራ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማቸዋል። ቤተሰብ አልሳለም ትሉኝ ይሆናል። ግን ቲማቲም የምትሸጥልኝን ሴትዮ በየቀኑ አያት የለ፣ የእሱን ሥዕሎች ካየሁ በኋላ ግን ስትቆም እንዴት እንደምትቆም ማየት ጀመርኩ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ እናቴ ምድጃ ጋ ስትቆም እንዴት እንደምትቆም አየሁ። አንድ እግር ላይ ነው የምታርፈው፣ ግራው ላይ፣ ቀኝ ጉልበቷ ስለሚያማት። ለስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ ይሄን ያሳየኝ ብሩሽ ነው።

አሁን የማይመቸኝን ልናገር። አብራ የምትመጣው ብሩሽ ለኪስ ተብላ የተሠራች ስለሆነች ትንሽ ናት። ለዓይን ሽፋሽፍት፣ ለጥበብ፣ ለስኒ ጠርዝ ትሆናለች። ለግድግዳና ለሶፋ ግን ሌላ ወፈር ያለ ክብ ብሩሽ ለብቻው ግዙ፣ ቁጥር 8 ወይም 10 አካባቢ። መቀላቀያው ክዳንም ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከሳልኩ ቦታ አልቆብኝ ነጭ የሸክላ ሳህን እጨምራለሁ። ቀለሞቹም ትንንሽ ስለሆኑ ትልቅ ብሩሽ ስታስገቡባቸው የጎረቤቱን ቀለም ይዞ ይወጣል፣ ቢጫው ሁልጊዜ አረንጓዴ ነክቶት ነው የሚገኘው። ሁለቱ አረንጓዴዎች ለቤት ውስጥ ብዙ አያስፈልጉም፤ ሰፕ ግሪን የሚባለው ለጎመንና ለቄጤማ ይሆናል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው፣ ከቀይ ጋር ካልተቀላቀለ የፕላስቲክ ይመስላል። የተጨረሰ ሥዕል ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፣ የውሃ ቀለም እርጥበትም ፀሐይም አይወድም፣ መስታወት ይፈልጋል። እኔ አልሰቅልም። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማጠራቅመው፣ እናቴ እንግዳ ሲመጣ አውጥታ ታሳያለች፣ የራሷን ግን ከሥር ታደርገዋለች።

ስለ ዋጋ። አዲስ አበባ ውስጥ የሥዕል ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፣ ይሄኛው ሳጥን ግን አንዴ ይገኛል አንዴ አይገኝም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ ትናንት የሰማችሁት ዛሬ ላይሠራ ስለሚችል ቁጥር ብጽፍ ያሳስታችኋል። የእኔን እህቴ ናት ከቨርጂኒያ ስትመጣ የያዘችው። የሚያመጣ ሰው ካላችሁ ለመለመን የሚያሳፍር ዕቃ አይደለም፣ ደረቅ ነው፣ አይፈስም፣ ሻንጣ ውስጥ ክብደቱ አይታወቅም፣ ከአንድ ሽቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። የሚያመጣ ከሌለና ሱቅም ከጠፋ ከሦስት ቀለም መጀመር ይቻላል፦ አልትራማሪን፣ በርንት ሲየና፣ የሎ ኦከር። ምስሩም፣ ጀበናውም፣ ፊቱም በእነዚህ ይወጣል፣ ጀሪካኑ ብቻ ቢጫ ይጎድለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳጥኑ ያላችሁ ልብ በሉ። ቀለሞቹ አንድ በአንድ ለብቻቸው ይሸጣሉ፣ ያለቀውን አውጥቶ አዲሱን መክተት ነው፣ ሳጥን ድጋሚ አይገዛም። እኛ ቤት ቀድመው የሚያልቁት አልትራማሪንና በርንት ሲየና ናቸው። የሚቀጥለው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲደውል ሁለት ሁለት እዘዙ። ነጩን ተዉት።